ትልቅ የተፈጥሮ ሉል (ዕንቁ) በጨረታ ለመግዛት ካሰባችሁ

መጀመሪያ የላቦራቶሪ ወረቀቱን ጠይቁ። በጥርስ ፈተግ ሲያደርጉት ሻከር ካለ እውነተኛ ነው ይባላል። ልክ ነው፣ ግን በሰው እጅ እርሻ ላይ ያደገውም እንደዚያው ስለሚሻክር ጥርሳችሁን ተዉትና ውስጡን በኤክስሬይ ያዩትን ባለሙያዎች እመኑ።

ካታሎጉ ላይ ያለውን ግምት እንደ ዋጋ አትዩት። የፊልም ተዋናይቷ የኤልዛቤት ቴይለር ሉል «ላ ፔሬግሪና» እ.ኤ.አ. በ2011 ኒው ዮርክ ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ስትቀርብ ግምቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተሸጠች። (ይህችን ሉል አንዴ ከቡችላ አፍ ነው ያወጧት፣ ጉድ እኮ ነው!)

ሽያጩን የሚያጸድቀው የአጫራቹ መዶሻ ሲያርፍም ሒሳቡ አላለቀም፣ የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን ይጨመርበታል። ጣሪያችሁን ከነኮሚሽኑ አስልታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ በላይ እጅ ማውጣት የለም! ካሸነፋችሁ ደግሞ፣ ሽቶ ሉልን ስለሚጎዳ፣ ስታጌጡ መጀመሪያ ሽቶ፣ ከዚያ ሉሉ።