ጡረታ የወጡ መምህራችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ

የድሮ ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በቁጥር ነው። አሥራ አምስት ሆኖ መሄድ ክብር ይመስላል፤ ቤተሰቡ ግን ለመስተንግዶ ይጨነቃል። ከ3 እስከ 5 ሰው ይበቃል። ከ3 ቀን በፊት ለባለቤታቸው ወይም ለልጃቸው ደውሉ። 1 ኪሎ ቡናና 2 ኪሎ ስኳር ያዙ፤ ጾም ከሆነና የሚጾሙ ከሆነ ኬክ ይቅር።

ስትገቡ «አስታወሱኝ?» አትበሉ። በዓመት 100 ልጅ እያስተማሩ 30 ዓመት የሠሩ ሰው 3,000 ተማሪ አሳልፈዋል፤ ካላስታወሷችሁ ያፍራሉ። ስማችሁን ከነአባታችሁ፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ክፍላችሁንና ሴክሽኑን ራሳችሁ ተናገሩ። ቀጥሎ ከእሳቸው የተማራችሁትን አንድ ነገር ለይታችሁ ንገሯቸው፤ ክፍልፋይ መደመር ይሁን የእጅ ጽሕፈት። ከስጦታው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። «ቲቸር» ማለት አሁንም ያምራል፤ የቱንም ያህል ብትሾሙ ግን «አንተ» አይባልም። ደመወዛቸው ስንት እንደነበር አትጠይቁ፣ አትዘኑላቸውም። ጆሯቸው ከደከመ ቀረብ ብላችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ መጮህ ድምፁን ያደበላልቀዋል።

ያዋጣችሁትን ገንዘብ በፖስታ አድርጋችሁ ስትወጡ ለባለቤታቸው ስጡ። ሲቀበሉ የሚያሳይ ፎቶ፣ ቢፈቅዱም እንኳ፣ አይለጠፍ።