አፏን ከፈተች፣ ጠቆረች፣ ቅርንጫፍ መጨበጥ አቃታት፦ የቤት እስስት ከመብራትና ከማቆያ ቤት የሚደርሱባት ችግሮችና መፍትሄያቸው

የቤት እስስት ስትደክም ባለቤቷ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ምግቧን ነው፤ ቀጥሎ በሽታ። እኔ ግን አስቀድማችሁ ቀና ብላችሁ መብራቱን፣ ከዚያም በመብራቱና በጀርባዋ መካከል ያለውን ርቀት እንድታዩ እፈልጋለሁ። እስስት የሰውነቷን ሙቀት ራሷ አታመነጭም። ሲበርዳት ወደ ሙቀት ትወጣለች፣ ሲሞቃት ወደ ጥላ ትወርዳለች፤ ጨረሩንም ውሃውንም የምታገኘው እንዲሁ ከቦታ ቦታ በመንቀሳቀስ ነው። በዱር ለዚህ የሚሆን ዛፍና ቁጥቋጦ አላት። በማቆያ ቤት ውስጥ ግን ምርጫዋ እናንተ ያስገባችሁላት ብቻ ነው። አብዛኞቹ ምልክቶችም የምትፈልገውን ቦታ ፈልጋ ማጣቷን የሚናገሩ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ለኩ

በግምት የሚስተካከል ነገር የለም። ሽቦው ጫፍ ላይ መለኪያ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ውሰዱና ጫፉን እስስቷ ስትሞቅ ጀርባዋ በሚደርስበት ከፍታ ላይ አስሩት። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ክብ መለኪያ የሚነግራችሁ የግድግዳውን ሙቀት ነው። የእርጥበት መለኪያም ያስፈልጋል። ከተቻለ የዩቪ ኢንዴክስ መለኪያ (ለዓይን የማይታየውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ብርታት የሚለካ) ከሌላ ባለቤት ተዋሱ፤ አንድ ቀን መለካት ዓመቱን ሙሉ ከመጠራጠር ይገላግላል።

ዝርያዋንም እወቁ። በቤት ውስጥ በብዛት የሚያዙት ሦስት ናቸው፦ ከየመንና ከደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ የመጣችው የየመን እስስት፣ የማዳጋስካሯ ፓንተር፣ እንዲሁም ወንዱ በሦስት ቀንዶቹ የሚታወቀው የኬንያና የታንዛኒያ ደጋ ነዋሪ ጃክሰን። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መሞቂያ ቅርንጫፉ ላይ ከ29 እስከ 31 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል፤ ለእንስቶችና ለግልገሎች 27 ወይም 28። ጃክሰን የደጋ እንስሳ በመሆኗ ከ28 በላይ አትፈልግም። የቀረው የቤቱ ክፍል ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን፤ ታችኛው ክፍል ከላይኛው የግድ ቀዝቀዝ ማለት አለበት።

ምልክት፦ እግሮቿ ይቆለመማሉ፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል፣ ምላሷ ዒላማውን ሳይደርስ ይቀራል

ከሁሉ የሚያሳስበው ይሄ ነው። መንጋጋዋ ለስልሶ ሊታይ ይችላል፤ በሆዷ እየተሳበች የምትሄድም አለች። መንስኤው በአብዛኛው የአጥንት መሳሳት ሲሆን ሥሩ ያለው መብራቱ ላይ ነው። ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የዩቪቢ ጨረር (የአልትራቫዮሌት አንዱ ክፍል) ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል። ዲ3 ከሌለ በምግብ የገባው ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በበቂ አይሻገርም። ሰውነት ደግሞ ካልሲየም ለጡንቻና ለነርቭ የግድ ስለሚያስፈልገው ከአጥንቷ እየቆፈረ ያወጣዋል። መንቀጥቀጡና የምላሷ መስነፍ ጡንቻው እንደጎደለበት ያሳያሉ፤ መቆልመሙ ደግሞ አጥንቱ እየተበላ መሆኑን።

ምርመራችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። በመጀመሪያ፣ የተገጠመው አምፖል በእርግጥ ዩቪቢ ይሰጣል? ተራ የቤት አምፖል፣ ተራ ኤልኢዲና ሙቀት ብቻ የሚሰጥ አምፖል ስንቱም ቢደምቅ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ በመብራቱና በእሷ መካከል መስታወት ወይም ተራ ፕላስቲክ አለ? ካለ ዩቪቢው እዚያው ይቀራል። ቤቱን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ «ፀሐይ ታገኛለች» ማለት የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ብርሃኑ ይገባል፣ ጨረሩ አይገባም። ሦስተኛ፣ አምፖሉ ስንት ጊዜ አገለገለ? የዩቪቢ ቱቦ ለዓይን እንደበራ ሆኖ ጨረሩ ግን ቀስ በቀስ ይሞታል። ጥሩ የሚባለው ቲ5 (ቀጭኑ ፍሎረሰንት ቱቦ) እንኳ በዓመት አንዴ ይቀየር፤ የተገጠመበትን ቀን ጫፉ ላይ በብዕር ጻፉበት። አራተኛ፣ ርቀቱ።

መፍትሄው ረጅሙ ቲ5 ቱቦ ነው፤ በማሸጊያው ላይ 5 ወይም 6 በመቶ ዩቪቢ የሚለው ለእስስት ይስማማል። ከጀርባው አንጸባራቂ ባለው መያዣ ውስጥ ሆኖ በጣሪያው ላይ ከዳር እስከ ዳር ይጋደም። ጠምዛዛዎቹ ትናንሽ አምፖሎች ጨረራቸው ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚወድቅና ርቀት ሲጨምር ቶሎ ስለሚደክም ለዚህ ረጅም ቤት አልመርጣቸውም። ከቱቦው እስከ ጀርባዋ ያለው ርቀት ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ይሁን። የጣሪያው ወንፊት ሽቦ እንደ ጥልፉ ጥብቀት የጨረሩን ሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የጎረቤታችሁን ርቀት አትቅዱ፣ ወንፊታችሁ የእሱ አይደለም። መለኪያ ያላችሁ ጀርባዋ በሚያርፍበት ቦታ ዩቪ ኢንዴክስ 3 አካባቢ እንዲሆን አስተካክሉ። ርቀቱን የምታስተካክሉት መብራቱን በማውረድ ብቻ አይደለም፤ ቅርንጫፉን ማንሳትና ዝቅ ማድረግ ይቀላል፣ ብዙ ጊዜም የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጨረር ሲበዛ የተሻለ አይሆንም። ነገር ግን በጨረርና ምግቧ ላይ በሚነሰነሰው የቫይታሚን ዱቄት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ቆዳ ላይ የሚሠራው ዲ3 ሲበዛ ያው ጨረር ወደማይሠራ ነገር ይለውጠዋል፣ ስለዚህ ራሱን ይገድባል፤ በዱቄት የሚገባው ዲ3 ግን ገደብ የለውም፣ ይከማቻል፣ ይመርዛል። በፓንተር እስስቶች ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ በምግብ ያገኙት ዲ3 ያነሰባቸው ከጨረሩ ሥር ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆዩ፣ የበዛላቸው ሲሸሹ ታይቷል። እንስሳዋ መጠኑን ታውቃለች ማለት ነው፤ ጨረሩም ጥላውም ካለላት። ስለዚህ ጣሪያውን በሙሉ በጨረር አትሙሉት፤ ከላይ ገላጣ ቦታ፣ ከጎኑ ቅጠል የበዛበት ጥላ ይኑር። ምግቧ ላይ በየጊዜው የምትነሰንሱት ካልሲየም ዲ3 የሌለበት ይሁን፤ ዲ3 ያለበትን በወር ሁለት ጊዜ ያህል ስጡ።

ምልክቱ ከታየ መብራቱን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም ካልሲየሟን መመልከት አለበት። የተቆለመመ አጥንት ተመልሶ አይቃናም፣ መባባሱ ግን ይቆማል። እስክታገግም ቅርንጫፎቹን ዝቅ አድርጓቸው፤ የሳሳ አጥንት ከትንሽ ከፍታ መውደቅም ይሰብረዋል።

ምልክት፦ መብራቱ ሥር አፏን ከፍታ ትቀመጣለች

እስስት ላብ የላትም፤ አፏን የምትከፍተው ሙቀት ለማስወጣት ነው። መልኳም አብሮ ይገረጣል። ቴርሞሜትሩ ከላይ ከጻፍኩት በላይ ካሳየ የአምፖሉን ዋት ቀንሱ ወይም ብርሃን መቀነሻ ማብሪያ ግጠሙ፤ አምፖሉን ማራቅም ይቻላል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ አሁንም ከከፈተች የቤቱን ታችኛውን ክፍል ለኩ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሙቀት ከሆነ የምትሸሽበት የላትም።

ከመብራቱ ርቃ፣ በተለይ በቀዝቃዛው ማለዳ አፏን ከከፈተች ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንገቷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ፣ በጭንቅ እየተነፈሰች ወይም አፏ ላይ አረፋና ንፍጥ እየታየ ከሆነ የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ነው፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ከቤቱ በኩል መንስኤው አየር የማይንቀሳቀስበት እርጥብ ቦታ ነው። ቀን ላይ ሙቀትና ከፍተኛ እርጥበት አንድ ላይ ሲታሸጉ ሻጋታና ባክቴሪያ ይደላቸዋል።

ምልክት፦ ጀርባዋ ሸንተረር ወይም ራሷ ጉብታ ላይ የጠቆረ ወይም የተላጠ ቦታ

ቃጠሎ ነው። ቆዳዋ ከላይ የሚወርደው ሙቀት እየጎዳት መሆኑን በጊዜ አይነግራትም። ግልገል ሳለች የተሰቀለው ቅርንጫፍ እሷ ስታድግ ጀርባዋን ወደ አምፖሉ ያስጠጋዋል፤ ባለቤቷ ግን ቅርንጫፉ እዚያው ስላለ ምንም የተለወጠ አይመስለውም። ሌላው የተለመደ መንስኤ አምፖሉ በቀጥታ ወንፊቱ ላይ መቀመጡ ነው፤ እስስት ጣሪያውን ተንጠልጥላ መሄድ ትወዳለች፣ አምፖሉ ሥርም ትደርሳለች። አምፖሉን ከወንፊቱ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። የእጃችሁን ጀርባ እሷ የምትደርስበት ከፍተኛ ቦታ ላይ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፤ እጃችሁ ካልቻለው እሷም አትችለውም። ማሞቂያ ዕቃ በምንም መልኩ ከውስጥ አይገባም። ቁስሉን ሐኪም ይየው፣ ቶሎ ያመረቅዛል።

ምልክት፦ ቀኑን ሙሉ ጠቁራ ትውላለች

ጠዋት መጥቆሯ ጤንነት ነው። ጥቁር መልክ ሙቀት ይስባልና ጎኗን ጠፍጠፍ አድርጋ ወደ መብራቱ ታዞራለች፤ ሞቅ ሲላት መልኳ ይመለሳል። እኩለ ቀን ላይ እንደጠቆረች ከሆነ የት እንደተቀመጠች እዩ። መብራቱ ሥር ተለጥፋ ከሆነ ሙቀቱ አልበቃትም። ቅጠል ጀርባ ወይም ጥግ ተሸሽጋ ከሆነ የምትፈራው ነገር አለ።

ለፍርሃቱ መፍትሄው ቦታ ነው። እስስት ከበላይዋ የሚንቀሳቀስን ነገር እንደ አዳኝ ታየዋለች። ወለል ላይ በተቀመጠ ቤት ውስጥ ያለች እስስት የሰው እግር ባለፈ ቁጥር ትሸበራለች። ቤቱን ጠረጴዛ ላይ አውጡትና ከፍተኛው ቅርንጫፍ ከቆመ ሰው ዓይን በላይ ይሁን፤ ቢያንስ አንዱ ጎኑ ግድግዳ ይደገፍ፤ መተላለፊያ ላይ አይሁን። ሌላ እስስት በዓይኗ አትይ፣ በመስታወት ውስጥ የራሷን ምስልም ጭምር፤ ሁለት እስስት በአንድ ቤት ማኖር ጨርሶ አይሞከርም። ከሁሉ በላይ ግን ቅጠል ጨምሩ። ፖቶስ፣ ሼፍሌራ፣ ሂቢስከስ የሚባሉት ተክሎች ጥሩ ናቸው። ባለቤቱ በደንብ እንዲያያት ብሎ ገላጣ ያደረገው ቤት ውስጥ ያለች እስስት ሁልጊዜ ተደብቃ ትውላለች፤ ቅጠል የሞላበት ቤት ውስጥ ያለችዋ ግን መደበቂያ እንዳላት ስለምታውቅ ትወጣለች። ይህን ደጋግሜ ብናገር አልደክምም።

ምልክት፦ ዓይኗ ገብቷል ወይም በቀን ትጨፍናለች፣ ኩሷ ላይ ያለው ነጭ ክፍል ብርቱካናማ ሆኗል

ዓይን መግባትና የኩሱ መቅላት የውሃ ጥማት ናቸው። እስስት በሳህን የተቀመጠን ውሃ እንደ ውሃ አትቆጥረውም፤ የምትጠጣው ከቅጠል ላይ ጠብታ ነው። መብራቱ ከመበራቱ በፊትና ከጠፋ በኋላ ቅጠሉ ላይ ውሃ በደንብ እርጩ፤ ቀን ላይ ውሃ በቀስታ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ከላይ አስቀምጡ። እርጥበቱ ቀን ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ ሌሊት ቤቱ ሲቀዘቅዝ ከ75 በላይ ይሁን። ብዙዎች በተቃራኒው ቀን ያረጥቡና ሌሊት ያደርቃሉ።

ኩሱ ነጭ ሆኖ ዓይኗን ብቻ የምትጨፍን ከሆነ ዩቪቢ አምፖሉን አጥፍታችሁ ለአጭር ጊዜ ተመልከቱ። በጣም ቀርቦ የተሰቀለ ወይም ጨረሩ የበረታ አምፖል ዓይን ያቆስላል። ያም ሆነ ይህ በቀን የምትጨፍን እስስት ደህና አይደለችም፣ ሐኪም ይያት።

ምልክት፦ ሌሊት አትተኛም

ቀይና ሰማያዊ «የሌሊት» አምፖሎችን አውጡ፤ ታያቸዋለች። 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ድፍን ጨለማ፤ ታይመር ይህን ከእናንተ የተሻለ ያስታውሳል። ለየመን እስስትና ለፓንተር ሌሊቱ ወደ 18 ወይም 20 ዲግሪ መውረዱ ጥሩ ነው፤ ጃክሰን ከ15 በታችም ትችላለች።

ምልክት፦ ወንፊቱን ትቧጥጣለች፣ ወለሉ ላይ ትንከራተታለች

እንስት ከሆነች ዕንቁላል አስቡ። የየመን እስስት ወንድ ሳያገኛትም ትጥላለች። እርጥብ አሸዋ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ሞልታችሁ በዕቃ አስገቡላት፤ ስትቆፍር እንዳታያችሁ ከፊት ለፊት በጨርቅ ጋርዱ። መጣያ ያጣች እስስት ዕንቁላሉን ይዛ ልትሞት ትችላለች። ጃክሰን ግን ግልገል ትወልዳለችና ይህ አይመለከታትም።

ወንድ ከሆነ ወይም ዕንቁላል ከሌለ ቤቱ ጠቧል። ላደገ የየመን ወይም የፓንተር ወንድ 60 በ60 ሴንቲሜትር ስፋትና 120 ከፍታ ዝቅተኛው ነው፤ ለአነስተኞቹ 45 በ45 በ90። ከወንፊትና ከመስታወት የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ክፍሉ ሞቃትና እርጥብ ከሆነ አራቱም ጎን ወንፊት፤ ክፍሉ ደረቅ ወይም ቀዝቃዛ ከሆነ ሦስቱን ጎን ሸፍኖ ፊት ለፊቱንና ጣሪያውን ወንፊት ማድረግ። ጣሪያው በሁለቱም ወንፊት ይሁን። ከላይ ካልወጣ ሙቀቱም እርጥበቱም ይታሸጋል።

ስታስተካክሉ ቃጠሎና ከመጠን ያለፈ ሙቀትን በዚያው ሰዓት አርሙ። ሌላውን አንድ በአንድ ለውጡና ጥቂት ቀን እዩ፤ ሁሉን በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የቱ እንደረዳ አታውቁም፣ እሷም ቤቷን አታውቀውም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የቤቱን ፎቶ ከላይና ከፊት፣ የአምፖሉን ማሸጊያ፣ የተገጠመበትን ቀንና የለካችሁትን ሙቀትና እርጥበት ይዛችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው።