ከተቅማጥ በኋላ ያሉት 14 ቀናት

ሚጡ 11 ወር ሊሞላት ሦስት ቀን ሲቀራት ተቅማጥ ያዛት። የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነበር። የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያን ሰሞን ተራችን አልደረሰም። እስከ ቀትር አምስት ዳይፐር ቀየርን። ከዚያ በኋላ መቁጠር አቆምኩ።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ትንሹን አንጀት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስል 12 ዓመት ሆኖኛል። ልጄ ስትታመም ግን የሠራሁት የመጀመሪያ ነገር ስህተት ነበር። የኦአርኤሱን፣ በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካውን ዱቄት፣ ፓኬት ግማሹን በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጠበጥኩት። «ለሕፃን አንድ ሊትር ምን ያደርጋል» ብዬ ነው። ቀምሼው ሳይሆን ቆይቼ አስልቼው ነው የደነገጥኩት፤ ከሚገባው እጥፍ ጨዋማ አድርጌዋለሁ።

ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ከዚያ ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ የተነገረኝን፣ ማታ ማታ ያነበብኩትን፣ በገዛ ድስቴ የሞከርኩትን ነው። የጥናቶቹ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ፈሳሹ። አንድ ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ግማሽ ለግማሽ ብሎ መክፈል የለም። መለኪያ ከሌላችሁ ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ውሃውን አስቀድማችሁ አፍሉና አቀዝቅዙት፤ ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም። ስኳር አትጨምሩበት፤ ጣፋጭ ለስላሳም በላዩ አትስጡ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉና አዲስ በጥብጡ።

ለምን ይህን ያህል ጥብቅ ሆነ? አንጀት ግድግዳ ላይ አንድ በር አለ። ሶዲየም ብቻውን ሲመጣ በዚያ በር አይገባም፤ ግሉኮስም ብቻውን አይገባም። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ ግን ይገባሉ፤ ውሃም ይከተላቸዋል። ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ ይህን በር አይዘጋውም። ስኳር ወይም ጨው ሲበዛ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ራሳቸው በ2000ዎቹ መጀመሪያ የድሮውን ቅመራ ቀጠን አድርገውታል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚሟሟው የጨውና የስኳር መጠን ከ311 ወደ 245 ሚሊኦስሞል ወረደ። እኔ ያን ሰኞ በአንድ ብርጭቆ ከድሮውም አልፌ ሄጃለሁ ማለት ነው።

ዱቄቱን የሚንቅ ሰው ስለማይጠፋ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ሕንድ ድንበር ላይ በኮሌራ ያልቁ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጦ ቤተሰቦቻቸው እንዲያጠጧቸው አደረገ። 30 በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ።

አሰጣጡ በማንኪያ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ቀጭን ካካ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200። የኛን ቤት የቡና ሲኒ በስሪንጅ ለካሁት፣ 70 ሚሊ ሊትር ያዘ። ስለዚህ ለሚጡ አንድ ሲኒ። ካስታወከች 10 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና፣ አሁን ግን ቀስ እያሉ። ጡጦ ውስጥ አድርጎ ማንቆርቆር ትውከቱን ነው የሚያመጣው። ጡት አይቋረጥም፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስታወከ፣ ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ካካው ውስጥ ደም ከታየ ማንበቡን ተዉትና ጤና ተቋም ሂዱ። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነም እንደዚያው። እርግብግቢት ወደ ውስጥ ሲገባ «ወርዷልና ይታሽ» የሚሉ አሉ። አይታሽም። የገባው ውሃ ስላነሰ ነው።

ለበዓሉ መጥተው የነበሩት አማቴ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። «ጥርስ ልታወጣ ነው፤ እህል ከልክሏት፣ ሆዷ ይረፍ» አሉ። እማማን እወዳቸዋለሁ፤ ስድስት ልጅ አሳድገዋል። ግን ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም። ጥርስ የሚወጣበት ጊዜ ልጅ መዳህ የሚጀምርበት፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ስለገጠሙ ነው ጥርስ የሚታማው። ሕፃናትን አብዝቶ ለከባድ ተቅማጥ የሚዳርገው ሮታ ቫይረስ የታወቀው በ1973፣ በሜልበርን፣ በሩት ቢሾፕና በባልደረቦቿ ነው። አገራችን ክትባቱን በ2013 ጀምራለች፤ በ6 ሳምንትና በ10 ሳምንት በጠብታ ይሰጣል። ሚጡ ወስዳለች። ክትባቱ የሮታን ይከላከላል እንጂ ተቅማጥን ሁሉ አያስቀርም።

ማክሰኞ ማታ አንድ ፋርማሲ ሄድኩ። ልጅቷን ሳያዩ፣ ምርመራ ሳይጠይቁ፣ «አሜባ ይሆናል» ብለው የሜትሮኒዳዞል ሽሮፕ ሰጡኝ። እኔም ከፍዬ ወጣሁ፤ ማን አስገደደኝ? ዕድለኛ ሆኜ ነገሩን ያነሳሁት ለሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነበር፤ «ሳይከፈት መልሰው» አለችኝ። በኋላ ሳነብ በሰባት አገሮች፣ ከ8,000 በላይ ሕፃናት ላይ የተሠራ፣ በ2021 የወጣ ጥናት አገኘሁ። ደም የሌለው ተቅማጥ የያዛቸውና ፈሳሽ ያነሳቸው ወይም የከሱ ልጆች ናቸው፤ አዚትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ተጨምሮላቸው የሞት ቁጥሩ በግልጽ አልቀነሰም። ደም ካለ ወይም ኮሌራ ከተጠረጠረ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱን የሚወስነው ግን ሐኪም እንጂ ፋርማሲ መስኮት ላይ የቆመ አባት አይደለም።

ባለሙያዋ የሰጠችኝ ዚንክ ነው። 20 ሚሊ ግራም ፍሬ፣ በቀን አንድ፣ በማንኪያ የጡት ወተት ወይም ንጹሕ ውሃ ይሟሟል። ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ ግማሽ ፍሬ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማቆሚያው ላይ ነው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቆመና እኔም ዚንኩን ልተወው ነበር። አይተውም፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥላል። ሚጡ ሁለት ጊዜ አስታውካዋለች። ይህም የታወቀ ነገር ነው፤ ሕንድና ታንዛኒያ ውስጥ 4,500 ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2020 የወጣ ጥናት 5 ወይም 10 ሚሊ ግራም ለተቅማጡ ከ20ው እንደማያንስና ትውከቱም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልጃችሁ አብዝቶ ካስታወከ ይህን አንስታችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አትቀንሱ።

አሁን ወደ ድስቱ።

ተቅማጥ ሲቆም ቤቱ «ተመስገን» ብሎ ወደ ድሮው ይመለሳል። የኛ ልጆች የሚከሱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምክሩ በሕመሙ ጊዜም ማብላት፣ ከዳነ በኋላ ደግሞ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ መስጠት ነው። እኛ ያንን ተጨማሪ ምግብ አሥር ሰዓት ላይ አደረግነው፤ እኔ ከትምህርት ቤት የምመለስበት ሰዓት ነው። እናቷ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስለምትሠራ የምትገባው ከመሸ ነው። ስለዚህ ገንፎው የኔ ሆነ።

ገንፎ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አጥሚት ለታመመ ልጅ የሚመረጠው ለመዋጥ ስለሚቀል ነው፤ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። የ11 ወር ሕፃን ሆድ በውሃ ሲሞላ እህል የሚገባበት ቦታ የለም። ማንኪያ ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። ችግሩ፣ ወፍራም ገንፎ ደግሞ ከሕመም የተነሳች ልጅ አትውጥም። መፍትሔው ብቅል ነው።

እማማ ብቅል ስል ሰምተው «ልጅቷን ጠላ ልትጠምቅባት ነው እንዴ?» አሉ። ጌሾ የለውም እማማ፣ አልኳቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ገብስ ታጥቦ ያድራል። ውሃው ይጠነፈፍና እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ቀን ይቆያል። ጫፉ ብቅ ሲል ፀሐይ ላይ ደርቆ ይፈጫል። ሻጋታ ከሸተተ ይጣላል። ደግሞም አትቁሉት። የምንፈልገው ስታርችን የሚቆራርጠውን ኢንዛይም ነው፤ ምጣድ ይገድለዋል። ገንፎውን እንደወትሮው አብስላችሁ አውርዱት። በጣም ሲፋጅ ሳይሆን ለብ ወዳለው ሲጠጋ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉና 10 ደቂቃ ተዉት። ዓይናችሁ እያየ ይለሰልሳል፤ ውሃ ግን አልጨመራችሁበትም። ዱቄቱ ጥሬ ስለሆነ መልሳችሁ ማንተክተክ አለባችሁ። ይህን የተማሪዎቼ ላብራቶሪ ውስጥ ባሳየው ያጨበጭቡልኝ ነበር።

የምጥን ነገር ደግሞ አለ። ሰፈራችን ያሉ እናቶች 12፣ 15 ዓይነት እህል ያስፈጫሉ። ቁጥሩ ብዙ ይምሰል እንጂ ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ሩዝ ለሰውነት እንደ አንድ ቤተሰብ ናቸው። እኔ ሦስት እህል ላይ አቆምኩና ሽምብራ ጨመርኩ። ሽምብራ የመረጥኩት ባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ፣ ሚርፑር ሰፈር የተሠራ ጥናት አንብቤ ነው። ተመራማሪዎቹ ጄፍሪ ጎርደንና ታህሚድ አህመድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ12 እስከ 18 ወር ለሆኑ 123 የከሱ ልጆች ለሦስት ወር ምግብ ሰጡ። አንዱ ቡድን የተለመደውን የእርዳታ ምግብ፣ ሌላው ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከለውዝና ከጥሬ ሙዝ የተዘጋጀ። የታሰበው ልጁን ብቻ ሳይሆን አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ለመመገብ ነው። በ2021 ውጤቱ ሲወጣ ሁለተኛው ምግብ ካሎሪው አንሶ ሳለ ልጆቹ የተሻለ ክብደት ጨምረው ተገኙ። አራቱም ዕቃ ጎሮ ገበያ አለ። ግን የነሱን ቅመራ ድስቴ ውስጥ ሠራሁ አልልም፤ የነሱ በልክ የተዘጋጀ ነው። ከሱ የወሰድኩት ጥራጥሬው ከልጅ ሳህን እንዳይጠፋ ብቻ ነው። ለውዝ የምትጨምሩ ከሆነ የሻገተውን ለቅማችሁ ጣሉ፣ ደቅቆ ይፈጭ፤ ፍሬውን ለሕፃን መስጠት ያንቃል።

እንቁላልስ? ኢኳዶር ውስጥ በቀን አንድ እንቁላል የልጆችን መቀንጨር በእጅጉ ቀነሰ ተብሎ በ2017 ብዙ ተወራ። ማላዊ ላይ ሲደገም ያ ውጤት አልመጣም። እኔ ሲገኝ እሰጣለሁ፤ ምግብ ነው። ማር ግን ዓመት ሳይሞላ በጭራሽ።

እንቁላል ካነሳሁ አይቀር፣ እማማ ለበዓሉ ሁለት ዶሮ ይዘው መጥተው ነበር። አንዷ ቅዳሜ ታረደች። ሌላዋ ለዳግም ትንሣኤ ተብላ ወጥ ቤታችን ታስራ ሰነበተች። ሚጡ ደግሞ ያን ሳምንት ወጥ ቤቱን በመዳህ የምታስስበት ሳምንት ነበር። ተቅማጡ ከዚያ ነው ብዬ መማል አልችልም። ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራና በ2016 የወጣ ጥናት አለ፤ ዶሮ ያላቸው ቤቶች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሲሆኑ፣ ዶሮዋ ቤት ውስጥ የምታድርባቸው ግን ወደኋላ የቀሩ ሆነው ተገኙ። ጥቅሟ ከነኩሷ ነው የሚመጣው። ደረጃ ሥር ያለ ጎጆ፣ የጎረቤት በረንዳ፣ የትም ይሁን፤ ልጅ ከሚድህበት ወለል ትራቅ። ዶሮዋን ምድር ቤት ላሉት ጎረቤታችን ሰጠናት፤ እማማ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር።

የጀሪካን ውሃችንን በውሃ አጋር እናክማለን፣ እጅ በሳሙና እንታጠባለን። በዚህ የሚጨመር አዲስ ነገር የለኝም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ባለሙያዋ ክንዷን ባለቀለሙ መለኪያ ለካችው፤ 13.1 ሴንቲ ሜትር፣ አረንጓዴ። ከ12.5 በታች ቢጫ ነው፣ ከ11.5 በታች ቀይ፤ ቀይ ከሆነ ቤት የሚታከም ነገር አይደለም። ተቅማጡ ራሱ 14 ቀን ከሞላውም እንደዚያው፤ ያኔ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

አሁን የቤታችን መሳቢያ ውስጥ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ፣ አንድ ቅጠል ዚንክና ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ አለ። የሃይላንዱ ወረቀት ስለሚላጥ ልኩን በማርከር አስምሬበታለሁ። የፓኬቶቹን ማብቂያ ቀን ደግሞ መሳቢያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስልክ መብራት ያችን ጥቃቅን ጽሑፍ ማንበብ አይቻልም።