የጉበት ጠባሳና የስኳር ሕመም አብረው ላሉባቸው ታካሚዎች የማሰብ አቅም ልየታ አሠራር

ይህ መመሪያ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለሚሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች የተዘጋጀ ነው። የጉበት ጠባሳና የስኳር ሕመም አብረው ያሉባቸው ታካሚዎች ለክትትል ሲመጡ ክብደታቸው፣ የደም ግፊታቸውና ስኳራቸው ይለካል፤ የማስታወስና የማስተዋል አቅማቸው ግን ብዙ ጊዜ አስታማሚ «ነገር እያምታቱ ነው» ብሎ እስኪያመለክት ድረስ አይታይም።

የሁለቱ ሕመሞች መገናኘት ልየታውን ያወሳስበዋል። ጉበት ሲጎዳ ከአንጀት የሚመጣው አሞኒያ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ሳይጣራ ወደ አንጎል ይደርስና ሄፓቲክ ኢንሴፋሎፓቲ የተባለውን የአንጎል መታወክ ያስከትላል። የስኳር ሕመም በበኩሉ በዓመታት ሂደት የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። ከዚህም በላይ የታመመ ጉበት ስኳር ሠርቶ ወደ ደም የመልቀቅ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ድንገት ሊወርድና በደቂቃዎች ውስጥ ግራ ሊጋባ ይችላል።

ስለዚህ ከማንኛውም ጥያቄ በፊት የጣት ደም ስኳር ይለካ። ውጤቱ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ፣ መዋጥ ለሚችል ታካሚ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል፤ ራሱን ለሳተ ወይም ለደነዘዘ ታካሚ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፣ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠዋል። ስኳሩ ቢስተካከልም አንጎል ወዲያውኑ ስለማይረጋ፣ የዚያን ቀን ልየታ ለሌላ ቀጠሮ ማስተላለፍ ይሻላል። የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራም የደም ማነስ ባለበት ወይም ጣፊያው ባበጠ የጉበት ታካሚ ላይ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊወጣ ስለሚችል፣ በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ቀጥሎ ታካሚው ቀኑንና ያለበትን ቦታ ይጠየቅ፤ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጣቶቹን ከፍቶ፣ የእጅ አንጓዎቹን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ (መዳፎቹ ወደ ፊት እንዲያዩ) እንዲቆይም ይደረግ። እጆቹ እንደ ክንፍ ከተርገበገቡ፣ ወይም ታካሚው ቀኑን ከሳተ ወይም ከደነዘዘ፣ ጉዳዩ ከልየታ አልፎ አስቸኳይ ሕክምና ሆኗል። በዚህ ጊዜ ቀስቃሹን ምክንያት መፈለግ ይገባል፦ የሆድ ውኃ መመረዝን ጨምሮ ማንኛውም ኢንፌክሽን፣ በጥቁር ሰገራ የሚታወቅ የውስጥ መድማት፣ የሆድ ድርቀት፣ የበዛ የሚያሸና መድኃኒት፣ ወይም እንደ ዲያዜፓም ያለ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ለእኛ አካባቢ የሚመቸው የእንስሳት ስም ጥሪ ፈተና ነው፤ ወረቀትም ሆነ ማንበብ መቻልን አይጠይቅም። ታካሚው በ60 ሰከንድ ውስጥ የሚያውቃቸውን እንስሳት ሁሉ ይጥራ፤ የተደገመ ስም አይቆጠርም። በሬ፣ ላምና ጥጃ ለየብቻ ይቆጠሩ እንደሆነ ባልደረቦች አስቀድመው ተስማምተው ሁልጊዜ በዚያው ደንብ መሥራት አለባቸው። ከ15 በላይ የጠራ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ ከ10 እስከ 15 የጠራ ስውር ኢንሴፋሎፓቲ (በግልጽ ገና ያልታየ የአንጎል መታወክ) ሊኖርበት ስለሚችል ይጠረጠራል፤ ከ10 በታች የጠራ ያለ መዘግየት በሐኪም መታየት አለበት። ሆኖም ትምህርታቸው ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ወይም ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ ሰዎች ጤነኞች ሆነውም ጥቂት ሊጠሩ ይችላሉ።

ፈተናው በታካሚው የአፍ መፍቻ ቋንቋ መሆኑ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ነው። ከሰቃ አካባቢ የመጡ አንድ አርሶ አደር በአማርኛ ስጠይቃቸው ስምንት እንስሳት ብቻ ስለጠሩልኝ ጥርጣሬዬን መዝግቤ ነበር፤ ባልደረባዬ በአፋን ኦሮሞ ሲጠይቃቸው ግን ከሃያ አለፉ። ያ መዝገብ ሳይታረም ቢቀር ኖሮ የማያስፈልጋቸውን ሕክምና በጀመሩ ነበር።

ስለ እንቅልፍ ስንጠይቅም ጥንቃቄ ያሻል። ቀን መተኛትና ሌሊት መንቃት የኢንሴፋሎፓቲ የታወቀ ምልክት ነው፤ ነገር ግን በርጫ ላይ የዋለ ሰውም፣ በረመዳን ለሱሁር የሚነሳ ሰውም እንቅልፉ ይዛባል። ስለዚህ ለውጡ መቼ እንደ ጀመረና ከጫትና ከጾም ጋር ይያያዝ እንደሆነ መጠየቅ፣ ፈተናውንም ታካሚው ጫት ባልቃመበት ጠዋት ማድረግ ይመረጣል።

አስታማሚን ለብቻ ማነጋገር ከፈተናው ያላነሰ ይጠቅማል። ታካሚው የቡና ሽያጭ ሒሳቡን እንደ ቀድሞው ይይዛል? የኢንሱሊን መጠኑን ያምታታል? አንድ ቀን ደኅና ሆኖ ሌላ ቀን የሚደናገር ከሆነ ጉበቱ ወይም የስኳር መውረድ ይጠረጠራል፤ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚብስ ከሆነ ግን ወደ መርሳት በሽታ ያደላል። ለዓመታት ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ስለሚችልና ይህም የሚታከም ስለሆነ፣ አቅም በፈቀደ መጠን ይመርመር።

ስውር ኢንሴፋሎፓቲ ተጠርጥሮ ላክቱሎስ (አሞኒያን ከአንጀት ለማስወጣት የሚረዳ የሚያስቀምጥ ሽሮፕ) ከታዘዘ፣ መጠኑ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እስኪኖር ይስተካከል፤ ታካሚው በቀጣዩ ቀጠሮ በዚያው ቋንቋና በዚያው ደንብ እንደገና ይፈተን። እስከዚያ ድረስ ኢንሱሊኑን የሚለካለት የቤተሰብ አባል ይሰየም፤ ባጃጅ የሚያሽከረክር ከሆነም ውጤቱ እስኪጣራ ሥራውን እንዲያቆም ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው።