ፕሬዚዳንቱና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሚምታቱበት ልጅ እንዴት እናስረዳ?

የእህቴ ልጅ የሥነ ዜጋ ፈተና ደርሶባት "አጎቴ፣ አገሩን የሚመራው ፕሬዚዳንቱ አይደል እንዴ?" አለችኝ። እናንተም ቤት እንዲህ የሚል ልጅ ካለ ከትርጉም አትጀምሩ። ከወረቀት ጀምሩ።

ሕጎች ከሚታተሙበት ከነጋሪት ጋዜጣ አንድ አዋጅና አንድ ደንብ ፈልጉ፤ በስልክም ይገኛል። መጨረሻው ገጽ ላይ ታች ያለውን ስም አስነብቡት። አዋጁ ላይ ፕሬዚዳንቱ፣ ደንቡ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። አዋጅ ፓርላማው ያጸድቀዋል፣ ፕሬዚዳንቱ ይፈርሙበታል። ደንብ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመሩት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣዋል። አሁን ጠይቁት፦ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙስ? ሕጉ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። የእኛዋ "ታዲያ ለምን ያደክሟቸዋል?" ብላ ሳቀች። በቃ፣ ገብቷታል ማለት ነው።

ከዚያ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 70 ላይ ግለጡ። የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው ፕሬዚዳንቱን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ፤ ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ የለም። እስካሁን ሁለቱንም ዙር የጨረሱት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ነጋሶ ጊዳዳ፣ ከእሳቸው በኋላ ሙላቱ ተሾመ፣ ሣህለወርቅ ዘውዴ፣ ታዬ አጽቀሥላሴ።

አያት ካሉ ክርክር ጠብቁ። በደርግ ጊዜ ፕሬዚዳንት የሆኑት መንግሥቱ ኃይለማርያም ሥልጣኑን ጠቅልለው የያዙ ነበሩ፤ የብዙ ሰው ግራ መጋባት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

የመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች የዓመት ሥራቸውን ሲከፍቱ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ክፈቱለት። የመክፈቻ ንግግሩን ማን እንደሚያነብ፣ በኋላ ለምክር ቤቱ አባላት ጥያቄ ማን እንደሚቆም ራሱ ይይ።