ለውጭ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛችሁን እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

እኛ አገር ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ማንበቡ ብዙ አያስቸግረንም። የሚያንገዳግደን መስማቱና መጻፉ ነው። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የምትፈተኑ ከሆነ ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

ለፈተናው ከመክፈላችሁ በፊት ግን የምታመለክቱበትን የትምህርት ክፍል ድረ ገጽ ክፈቱ። ብዙዎቹ “በአጠቃላይ 6.5” (ከ9) ይላሉ። ከሥሩ ደግሞ “በየትኛውም የፈተናው ክፍል ከ6.0 በታች አንቀበልም” የምትል መስመር አለች። እሷን ሳያይ የሚከፍል ሞልቷል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪያችሁን በእንግሊዝኛ እንደተማራችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ካመጣችሁ ፈተናውን ይተዉላችኋል። ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነውና በጣም ቀድማችሁም አትፈተኑ።

ቀጥሎ መስማት። 40 ጥያቄ አለ፤ ድምጹ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው። እኔን መጀመሪያ የጣለኝ ሰዓት ነበር። “ናይን ሰርቲ” ሲባል ጭንቅላቴ ሳላዘው “ሦስት ተኩል” ይላል፣ እጄ 3:30 ይጽፋል። በየቀኑ የሁለት ደቂቃ ንግግር ምረጡና ጽሑፉን ሳታዩ ስሙ። የሰማችሁትን ቃል በቃል ጻፉ። ከዚያ ከጽሑፉ ጋር አስተያዩት። ያመለጣችሁ ከባድ ቃል እንዳይመስላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ተውጠው የሚነገሩት ትንንሾቹ ናቸው። “ከሁለት ቃል ያልበለጠ” ከተባለ ደግሞ ሦስት መጻፍ ዜሮ ነው።

መጻፉ 60 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል፤ ነጥቡም የመጀመሪያው እጥፍ ነው። 40 ደቂቃ ስጡት። እኛ ነገር ስንጀምር ዙሪያውን መዞር እንወዳለን፤ በአማርኛ ያምርብናል። እዚህ ግን ወርቁ ይቅደም። ጥያቄው “በከተማ መኪና ይገደብ ወይ?” ከሆነ “በዛሬዋ ዓለም መኪና እጅግ አስፈላጊ ነው” ብላችሁ አትጀምሩ። “መሐል ከተማ ይገደብ፣ አውቶቡስ በሌለበት ዳር ግን አይገደብ” በሉና ምክንያታችሁን ቀጥሉ። በሳምንት ሁለት ጻፉ፤ እንግሊዝኛው ጠንካራ ለሆነ ሰው አሳርሙ። ከዩቲዩብ የተሸመደደ መግቢያ ፈታኞቹ ወዲያው ያውቁታል።

ለመናገር ስልካችሁ ይበቃል። አንድ ርዕስ ያዙ፣ 1 ደቂቃ አስቡ፣ 2 ደቂቃ አውሩ፣ ቅዱና ስሙት። የራስን ድምጽ መስማት ያሳፍራል፤ ይለመዳል። አክሰንት ለመቀየር አትድከሙ፤ የምትሉት በደንብ ከተሰማ ይበቃል።

ፈተናው ካለፈ በኋላ ብዙዎች እፎይ ብለው እንግሊዝኛውን ይዘጉታል። ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ያወራል። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ የክፍል ቪዲዮዎች ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ። ከትምህርታችሁ ጋር የሚቀራረብ አንድ መርጣችሁ በየሳምንቱ ሳታቆሙ ተከታተሉ፤ ማስታወሻ ያዙ። ማስታወሻውን በማግስቱ አንብቡት። ካልገባችሁ ያንኑ ቪዲዮ ድገሙት።