በመሀል ከተማ የአካባቢ ፍትሕና የጤና ጥናት ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአራዳ፣ በቂርቆስና በልደታ ክፍለ ከተሞች የቀበሌ ቤት መንደሮች ውስጥ ብክለትና ጤናን የሚመለከቱ ጥናቶችን ከነዋሪው ጋር ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። በየጊዜው አብረውኝ የሚሰለፉት ወጣቶች ቅንና ትጉ ናቸው፤ ለዚህም እወዳቸዋለሁ። ይሁንና እኔ ራሴ የሠራኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ሲደግሟቸው ማየት ስለከበደኝ ይህን ጻፍኩ። ስለ ናሙና ስሌትና ስለ መጠይቅ አዘገጃጀት በትምህርት ቤት የተማሩት ይበቃልና እዚህ አላነሳውም።

በር ላይ ቁጥር መጻፍ። የተጎበኘን ቤት በጠመኔ መለየት የቆየ የመስክ ልማድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ ነባር መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሱ ላየ የመሀል ከተማ ነዋሪ ግን በሩ ላይ የተጻፈ ቁጥር ትርጉሙ አንድ ነው። አንድ መረጃ ሰብሳቢያችን ጠዋት አንድ ረድፍ በር ላይ ቁጥር ጽፎ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ጠበቁን፣ አንዲት እናትም ዕቃቸውን ማሰር ጀምረው ነበር። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ የሥልጠናውን መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነበርኩና። ቁጥሮቹን በእርጥብ ጨርቅ እያጠፋሁ ከቤት ቤት ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቶቹን የምንለየው የሰፈሩ ወጣቶች በሚስሉት ካርታ ላይ ብቻ ነው።

የወረዳን ደብዳቤ እንደ ፈቃድ መቁጠር። ደብዳቤው ወደ ሰፈሩ ያስገባል እንጂ የማንንም ሰው ፈቃድ አይተካም። የወረዳ ሠራተኛ አስከትሎ መግባት ደግሞ የባሰ ነው፤ ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱ ጀምሮ የቀበሌ ቤት አከራይ መንግሥት ነው፣ ተከራይም የአከራዩ ሰው ቆሞ እየሰማ ስለ ቤቱ ጉድለት በነጻነት አይናገርም።

ጥያቄውን ቢሮ ጨርሶ መምጣት። የአካባቢ ፍትሕ የተባለው፣ የብክለት ሸክም በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚጠይቀው አስተሳሰብ ራሱ የተወለደው ከነዋሪዎች ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ዋረን በተባለው አውራጃ፣ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር በሆነበት ስፍራ ፒሲቢ በተባለ መርዛማ የኢንዱስትሪ ኬሚካል የተበከለ አፈር ሊቀበር ሲል ሰዎች የጭነት መኪኖቹ ፊት መንገድ ላይ ተኙ፤ ከ500 በላይ ሰዎችም ታሰሩ። ቆሻሻው ለምን ወደ እኛ ይመጣል ብለው አስቀድመው የጠየቁት እነርሱ ናቸው፣ የጥናት ሰነዶቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲ ላይ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። እኛ ግን በቀበና ወንዝ ዳር ወዳለ መንደር ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ይዘን ገባን። ቡና ተፈልቶ ሴቶቹ ሲናገሩ የሚያስጨንቃቸው ሌላ እንደሆነ ተረዳን፦ የጋራው መጸዳጃ ቤት ሲሞላ ፍሳሽ የሚመጥጠው መኪና በጠባቡ መተላለፊያ መግባት ስለማይችል ጉድጓዱ ይገነፍላል፤ በክረምት ደግሞ ጎርፉ ያንኑ እየጠራረገ ወደ ቤት ስለሚያስገባ አዋቂዎቹ ሌሊቱን በተራ ነቅተው ያድራሉ። ተቅማጡ የዚህ ሁሉ ጫፍ ነበር። መጠይቁን ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው።

በመዝገብ ያለውን ሰው ብቻ መቁጠር። ደባሉ፣ በጓሮ በተቀጠለች ክፍል የሚኖረው ተከራይና ሌሊት ብቻ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ በቤቱ ውል ላይ ስማቸው የለም፤ ብዙ ጊዜ ግን ለጭስና ለፍሳሽ ይበልጥ የተጋለጡት እነርሱ ናቸው። ከማታ 1 ሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ይሂዱ።

ጥናቱን በሰፈሩ ወሰን መቁረጥ። የመሀል ከተማ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተከመረው ቆሼ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች የሞቱትም እዚያ ነው። በግንፍሌና በቀበና የሚወርደው ፍሳሽም ወደ አቃቂ ወርዶ በወንዙ ውኃ አትክልት የሚያለማውን ገበሬ ያገኘዋል። ማን አመነጨ፣ ማንስ ተሸከመ የሚለውን ጥያቄ የማያነሳ ጥናት የአካባቢ ፍትሕ ጥናት ሊባል አይችልም።

በክፍለ ከተማ አማካይ መናገር። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴልና መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ በጋራ የሆነበት ግቢ በአንድ አጥር ተለያይተው ይኖራሉ፤ አማካዩ የሁለቱንም ኑሮ አይገልጽም።

የአየር መለኪያውን ምቹ ቦታ ላይ መስቀል። መለኪያው እንዳይሰረቅ ተብሎ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል፤ እናትና ሕፃን ግን የሚውሉት በር በሌለው ማድ ቤት ውስጥ፣ ከከሰሉና ከእንጨቱ ጭስ አጠገብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጡ እጅግ ደቃቅ ብናኞች ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል፤ የጣሪያውን ልኬት ከዚህ ጋር አነጻጽሮ ማድ ቤት ውስጥ ስላለችው ሴት መደምደም ግን አይቻልም። ርካሾቹ መለኪያዎች የአየር እርጥበት ሲጨምር ከፍ አድርገው ስለሚያነቡም የክረምቱን ውጤት ሳያስተካክሉ አይጠቀሙበት።

ውጤቱን ሳይመልሱ መጥፋት። ይህን ስህተት ረጋ ብዬ ማስረዳት አልችልም። ከቤታቸው ጀሪካን ውኃ ተቀድቶ፣ የልጃቸው ክንድ ተለክቶ፣ የሳላቸው ዘመን ተጠይቆ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ያልተመለሰባቸው እናቶች በዚህ ከተማ እጅግ ብዙ ናቸው። አንዲት አረጋዊት «ልጄ፣ በፊት የመጡትም እንደ አንተ ትሑቶች ነበሩ፤ የጻፉት የት ደረሰ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ውኃው ውስጥ ኢ. ኮላይ፣ ማለትም በሰገራ መበከሉን የሚያሳይ ባክቴሪያ እንዳለ ላቦራቶሪው ነግሮን፣ ያንን ውኃ የሚጠጣው ቤተሰብ የመጽሔት ኅትመት እስኪወጣ ሳይነገረው ቢቆይ ጥፋቱ የጨዋነት ጉድለት ብቻ አይሆንም፤ ሰው ላይ ጉዳት ማድረስ ነው። የቤቱ ውጤት በዚያው ሳምንት ለቤቱ ይነገር። የሰፈሩ ውጤት ከማንኛውም ጉባኤ በፊት በአማርኛ ተጽፎ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ይቅረብ፤ ለዚህም ከመጀመሪያው በጀት ይያዝለት።

መመለሱ ለጥናቱም ይበጃል። በአንድ ሰፈር የጭሱ መጠን ሌሊት ከ9 እስከ 11 ሰዓት ከፍ ሲል አይተን፣ ቀዝቃዛው አየር ጭሱን መሬት ላይ አፍኖ ስለሚይዘው ነው ብለን ጽፈን ነበር። የልኬቱን ሥዕል በዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ስናሳይ አንዲት እንጀራ ሻጭ ተነስተው «ይኼማ የእኔና የጎረቤቶቼ ምጣድ ነው፤ ለሆቴሎች የምናደርሰውን በዚያ ሰዓት ነው የምንጋግረው» አሉ። ምዕራፉን ከእርሳቸው ጋር እንደገና ጻፍነው።

ሰፈሩ ሲነሳ ጥናቱ አለቀ ማለት። ከመጀመሪያው ቀን የአንድ ዘመድ ስልክ በፈቃዳቸው ይያዙ፤ ከዕድሩ ጸሐፊ ጋርም ይወዳጁ፣ የተበተነውን ሰው ከማንም በፊት የሚያገኘው ዕድር ነውና። እንጀራ ሻጯን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያገኘናቸው በዚህ መንገድ ነው። ሳላቸው ቀንሶላቸዋል፤ ሆቴሎቹ ግን ርቀዋቸዋል። መጠይቁን ጨርሰን ስንነሳ «ደንበኞቼን ማጣቴስ፣ እሱ ጤና ላይ አይጻፍም?» ብለው ጠየቁን። ቦታ ስላልነበረው በወረቀቱ ጀርባ ጻፍነው፤ በሚቀጥለው ዙር መጠይቁ ውስጥ የራሱ ክፍል ተከፍቶለታል።